የአክስቴ የፒሜንቶ ጠርሙስ

ሥራዬ ቅመም መመርመር ነው። ኪንግስተን ባለ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ትንንሽ ክብ ወረቀት በቅጠልና በፍሬ ጭማቂ እየነከርኩ ባክቴሪያ በተዘራበት የብርጭቆ ሳህን ላይ አስቀምጣለሁ። ቅመሙ ከገደለ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ክብ ይወጣል፤ ካልገደለ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጥግ ድረስ ይበቅላል። አክስቴ አይሲልዳ ይህን «ደህናውን ቅመም ለጀርም ማብላት» ትለዋለች።

እሷ ደግሞ ከጓሮዋ ዛፍ ፒሜንቶ የሚባለውን የቅመም ፍሬ ለቅማ፣ ነጭ ሩም በሚሉት የሸንኮራ አረቄ ውስጥ ዘፍዝፋ የምታበጀው መድኃኒት በሰፈሩ የታወቀ ነው። የቆሰለ ይታጠብበታል፣ ወገቡን ያመመው ይታሽበታል። ዘንድሮ ግን ጎረቤቷ ሚስ ኦርቴንስ የእግሯን ቁስል በሱ ብታጥበው ጭራሽ አመረቀዘባት። እሷም ዝም አላለች፤ «አይሲልዳ ሰው ታታልላለች» እያለች ቤት ለቤት አወራች። አክስቴ ከቤት መውጣት ጠላች። ይሄ አንጀቴን በላው።

«መርምሪልኝ» አለችኝ፣ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልላ እየሰጠችኝ። «እሁድ ከጸሎት በኋላ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ውጤቱን ትናገሪያለሽ።»

«መጥፎ ቢወጣስ አክስቴ?»

«ምን ዓይነት ክፉ አፍ ነው ያለሽ አንቺ! ውሰጂው ብያለሁ።»

ወሰድኩት። ከዚያው ዛፍ ፍሬ ለቅሜ፣ ራሴ ሩም ውስጥ የዘፈዘፍኩትንም ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። በማግስቱ ሳህኑን ባየው የእኔው ሰፊ ባዶ ክብ አውጥቷል። በአክስቴ ወረቀት ዙሪያ ግን ባክቴሪያው ተዝናንቶ በቅሏል። ደነገጥኩ። ጠርሙሱን ከፍቼ አሸተትኩት፤ ሩም የሚባል ነገር የለም። የላቦራቶሪ ዕቃ መቅመስ ክልክል ነው፤ እኔ ግን ተናድጄ ነበርና ቀመስኩት። ውሃ!

በዚያ ቤት የሚኖሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አክስቴ መጠጥ በአፏ አይዞርም። የቀረው ባሏ፣ አጎቴ አስተን ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ መጠጥ በቃኝ ብሎ በጉባኤ ፊት የማለው።

እሁድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያዝኩት።

«አጎቴ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው።»

«ውሃ?» አለ ባርኔጣውን እያስተካከለ። «ምን ዓይነት ውሃ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

«በሞቴ፣ ልጄ፣ ዝም በይልኝ።»

«ያየሁትን እናገራለሁ። የቀረው ያንተ ነው።»

ከጸሎቱ በኋላ የሳህኑን ፎቶ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። «የዛፉ ፍሬ ባክቴሪያ ይገድላል» አልኩ። «ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን አይገድልም።»

«አላልኳችሁም!» ብላ ሚስ ኦርቴንስ ብድግ አለች። አክስቴ አንገቷን ደፋች። አላስችል ብሎኝ አፌን ልከፍት ስል አጎቴ አስተን ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ።

«ሩሙን የጠጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «በጎደለ ቁጥር ውሃ ሞላሁበት። አይሲልዳ አታውቅም፤ የሷ መድኃኒት ምንም አይወጣለትም። ሚስ ኦርቴንስ፣ እግርሽ ያመረቀዘው በእኔ ጦስ ነው፤ ይቅር በይኝ። ሽማግሌነቱንም ውሰዱት።»

እኔ ስንት ጊዜ በታዘብኩት አጎቴ ያኔ ኮራሁ።

«እንዴ!» አለች ሚስ ኦርቴንስ። «ለእኔ ውሃ፣ ለአንተ ሩም?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ቀስ ብላ ወደ እሱ ሄደች። በጥፊ ልትለው ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አፍንጫዋን ወደ አፉ አስጠግታ ታሸታለች።

«ከፋሲካ ወዲህ አፍህ ፒሜንቶ ፒሜንቶ ሲሸተኝ» አለች፣ «እኔ ጅሏ ቅመም የሚያኝከው ሊስመኝ ነው ብዬ… ለእኔ ብለህ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ!»

አጎቴ መሬት መሬቱን አየ። «ከነገ ጀምሮ አኝካለሁ» አለ።

«ከዛሬ!» አለችው አክስቴ፤ ክንዱንም ይዛ ወደ ቤት ወሰደችው።