የላሟ ጀርባ

ሰዓሊዋ የላሟን ጀርባ ኮምፒውተሯ ላይ በአራት ነጥብ ይዛ ወደ ታች ስትጎትት ስልኳ እንደገና ጮኸ። ባለወተቱ ነበር፤ ለአዲሱ የወተት ማሸጊያ ሥዕሉን ያዘዛት እሱ ነው።

"እህቴ፣ ጀርባዋ አልቃና አለሽ እንዴ? ማተሚያ ቤቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈልገዋል።"

"እያቃናሁት ነው ጋሼ። ፎቶው ላይም እኮ ጎበጥ ብላለች።"

"ፎቶ ምን ያውቃል! አንቺ አሳምሪያት።"

እንስሳትን ከፎቶ መሳል ከጀመረች አምስት ዓመቷ ነው። ፎቶውን ከሥር አንጥፋ ከላዩ በመስመር ትከተለዋለች። ከዚያ ፀጉሩን፣ ጭቃውን፣ ጥላውን ሁሉ ትጥልና አምስት ስድስት ደማቅ ቅርጾች ብቻ ታስቀራለች። በመጨረሻ ፎቶውን ትሰውረዋለች። ያን ጊዜ ይህቺም የባለወተቱ ላም መሆኗ ይቀርና የማንም ላም ትሆናለች።

አባቷ ግድግዳውን እየዳበሰ ገባና ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከብት ሐኪም ነበር። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ፎቶ ጉም ይሆንበታል፤ የእሷን ሥዕል ግን በደማቅ ቀለሙ የተነሳ አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ለጥፎ ያየዋል። ድሮ "የልጅ ጨዋታ" ይለው የነበረውን ሥራዋን የወደደላት አሁን ነው።

"የትኛዋ ትሻላለች?" አለችው፤ እያቃናቻት ያለችውን አሳይታ፣ መጀመሪያ የሳለቻትን ጎባጣዋን መልሳ እያመጣችለት።

ከጀርባዋ እስከ ሸኮናዋ በጣቱ ተከተላት።

"ይህቺ ላም ታማለች።"

"አባዬ፣ ሥዕል እኮ ናት!"

"ከፎቶ አይደል የሳልሻት? ጀርባዋን አጉብጣ፣ በግራ የኋላ እግሯ ሳትረግጥ ነው የቆመችው። ሸኮናዋ ውስጥ መግል አለ። ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" ብሎ ራሱ ሳቀ። "ለነገሩ ሊያደርገው ትንሽ ነው የቀረው።"

እሷ አልሳቀችም። ፎቶውን አምጥታ አጎላችው። ጭቃው ውስጥ፣ እውነትም፣ የሸኮናው ጫፍ ብቻ መሬት ነክቷል፤ ወይም የነካ ይመስላል። ሁለት ቀን ሙሉ በእጇ ስትከተለው ልብ አላለችውም ነበር።

ግን ፈራች። አምና የጎረቤትን ፍየል ዳብሶ "አርግዛለች" ብሎ ነበር፤ ፍየሏ ወፍራ ኖሯል። ሰፈሩ ወር ሙሉ ሳቀበት፤ እሱም ከዚያ ወዲህ እንስሳ የሚባል ነክቶ አያውቅም። አሁን ደግሞ ቢሳሳት ምን ይውጠዋል? ከሥራው ይልቅ ያሳሰባት እሱ ነበር።

ቢሆንም ደወለች።

"ጋሼ፣ ላሟ አታነክስም? አባቴ ሥዕሉን አይቶ ግራ የኋላ እግሯን አሟታል አለ።"

"ደህና ናት። ወተቷ ትንሽ ቀነሰ እንጂ ምንም አልሆነችም።" ከዚያ ሳቁ አመለጠው። "አባትሽ ማለት ፍየሏን ያስረገዟት ሐኪም?"

ድምፁ ክፍሉን ሞላው። አባቷ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"ተዪው ልጄ፤ አቃኝተሽ ላኪለት" አላት ቀስ ብሎ።

ማቃናቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

"ጋሼ፣ ሥዕሉን ራሴ ይዤ እመጣለሁ። አባቴም አብሮኝ ይመጣል። ሸኮናዋን ይይልዎት፤ ምንም ከሌላት እዚያው አቃናልዎታለሁ።"

"ዘጠኝ ሰዓትስ?"

"ዘጠኝ ሰዓት ይለፍ።" ስልኩን ዘጋችው።

አባቷ ከወንበሩ አልተነሳም።

"ብሳሳትስ?"

"ከተሳሳትክማ ላሟ ደህና ናት ማለት ነው።"

ከዚያ ጉልበቱን ደግፎ ብድግ አለና የሸኮና መከርከሚያ ቢላውን የት እንዳስቀመጠችው ጠየቃት።