የታጠቡት ብሩሾች

«ኧረ እሱስ በመጨረሻው ሳምንት በሳቅ ነው የገደለን!» አለ ግንበኛው፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ። ከሟቹ ጋር ስንት ፎቅ ላይ አብሮ የሠራ ሰው ነው። «የጎረቤትን በር ማንም ሳያዘው ሰማያዊ ቀባው። ‹ምን ሆነህ ነው ሸረሪቱ?› ብለው፣ ‹ግራጫ በር ሰው ያስከፋል› አይለኝ መሰላችሁ!»

ሸረሪቱ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው፤ ቀለም ቀቢ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ላይ ነበር የሚውለው። ለቀስተኛው አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። የሟቹ እህት ብቻ አልሳቀችም። ጥግ ላይ ተቀምጣ የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች።

«እንቅልፍ እንኳ አልነበረውም እኮ» አለች በሯ የተቀባላት ጎረቤት። «ሌሊቱን ሲዘፍን ነበር የሚያነጋው። እንዴት ያለ ደስታ መሰላችሁ!»

«ስንት ሌሊት?» አለች እህቱ።

«እኔ እንጃ እህቴ… ብዙ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ሌሊት ስትሰሚው ስልክሽ ተበላሽቶ ነበር?»

«ተይ እንጂ፣ ሰው ይታዘብሻል» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ይታዘበኛ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ቁጥሬን ለሁላችሁም አልሰጠሁም? እንቅልፍ ሲያጣ፣ ወሬው ሲፈጥን፣ ያልታዘዘውን ሲሠራ ደውሉልኝ አላልኩም? በቁሙ አንድ ሰው ሳይደውል፣ አሁን ሻይ ይዛችሁ ትስቁበታላችሁ!»

«የዳነ መስሎን ነው» አለ ግንበኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንገቱን ደፍቶ የምናውቀው ሰው ሲስቅ ስናይ፣ እሰይ አልን።» እውነቱን ነበር። እህቱን ይበልጥ ያበገናትም እውነቱን መሆኑ ነው።

ሐኪሙ በሽታውን ባይፖላር ብሎ ለእሷና ለእናቷ ሲነግራቸው፣ ወንድሟን ዝቅ እንደሚያደርገው ሁሉ ከፍም እንደሚያደርገው፣ ከፍታውም እንደሚገድል አስረድቷቸው ነበር። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስፌት ሊተረተር ሲል ከመጀመሪያዋ ክር ታውቃለች። የወንድሟ ክር ደግሞ ብሩሹ ነበር። ጤነኛ ሲሆን ብሩሾቹን ቀለም በሚያስለቅቀው ቲነር ሳያጥብ እራት አይቀምስም። በሽታው ሊነሳበት ሲል ግን አምስት ግድግዳ ጀምሮ አንዱንም አይጨርስም፤ ብሩሹንም የትም ጥሎት እንጨት ሆኖ ይደርቃል። እንደዚያ ስታገኘው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይዛው ትሄዳለች፣ እየተሳደበም ቢሆን ይተርፋል።

ስለዚህ ከከተማው ወዲያ ጫፍ እናቷና ወንድሟ ወደሚኖሩበት ቤት በየእሑዱ ስትመጣ፣ እናቷን እንኳ ሳትስም መጀመሪያ ጓሮ ገብታ የብሩሾቹን ጣሳ ታያለች። ባለፈውም እሑድ አየች። ንጹሕ ነበሩ። ተመስገን ብላ፣ ሥራ ላይ ነው ሲሏት እሱን ሳትጠብቅ ወደ ቤቷ ሄደች። በሳምንቱ መካከል ወንድሟ «እኔ አልወድቅም» ብሎ፣ ገመድ ሳያስር ፎቅ ላይ ወጣና ወደቀ።

አሁን ግን አንድ ነገር አልዋጥላት አለ። ስንት ሌሊት ያልተኛ ሰው ብሩሽ ያጥባል እንዴ?

ለቀስተኛው አመሻሽ ላይ ሲበተን ጓሮ ሄደች። እናቷ እዚያው ጣሳው አጠገብ ቆመዋል። ጣቶቻቸው ተሰነጣጥቀው፣ ቆዳቸው ነጭ ሆኗል። ቲነር እንደዚያ ያደርጋል።

«እማዬ፣ ብሩሾቹን ማን ነው ያጠባቸው?»

እናቷ መሬት መሬት አዩ። «ደስ ብሎት ነበር፣ ልጄ። አንቺ ስትወስጂው መድኃኒቱ አንደበቱን ይዘጋዋል። ስንት ጊዜ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። እኔ ደግሞ ሲዘፍን መስማት አማረኝ።»

«እና እኔ እንዳላይ አጠብሻቸው።»

«አጠብኩ።»

«ሳይደርቅ በእርጥቡ እያልኩ አፌ እስኪደርቅ ለፈለፍኩ! የሰፈሩ ሰውስ አያውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ! እያወቅሽ ምልክቴን አጠፋሽብኝ!»

ጣሳው ውስጥ አንድ ብሩሽ ሳይታጠብ ቀርቷል፤ የበሩ ሰማያዊ ቀለም እንዳለበት ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። የእናቷ እጅ በልማድ የቲነሩን ጠርሙስ አነሳ።

«ይሄን አትነኪውም!»

ብሩሹን ነጥቃቸው ወደ ሳሎን ገባች። ከወንድሟ ፎቶ ፊት አስቀመጠችው፤ የደረቀው ጠጉር ወደ ለቀስተኞቹ ወንበር እንዲዞር አድርጋ። ነገ መጥተው ያዩታል። እናቷም ያዩታል።

ስትመለስ እናቷ ጠርሙሱን እንደያዙ እዚያው ቆመዋል። ቲነሩ እየፈሰሰ በጣታቸው ስንጥቅ ይገባል፤ እሳቸው ግን የሚያቃጥላቸው አይመስልም። ንዴቷ አልበረደም። ዓይናቸውን ማየት አልቻለችም። ጠርሙሱን ከእጃቸው ተቀብላ ከደነችው፤ ከዚያ ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ማድረቅ ጀመረች።