የተቆረጠው ተሳቢ ጥላ

«ኋላህን ሳታይ እንዳትነሳ» ይሉት ነበር የሾፌር ድንበሩ አባት። መኪና ሊያስነሳ ሲልም ይሉታል፣ ከማዕድ ሊነሳ ሲልም ይሉታል።

አዲሱ ደንብ ወጥቶ የድንበሩ ተሳቢ ከአሥራ አራት ሜትር ወደ አሥራ ሁለት ተቆረጠ። ጥላው ግን አሥራ አራት ሜትር ሆኖ ቀረ።

ተሳቢውን የቆረጠው በያጅ ሙዘይን ሥራውን አላበላሸም። ብረቱን በልኩ ቆርጧል፣ የኋላ መብራቶቹን መልሶ ገጥሟል፣ ቀለምም ቀብቷል። ድንበሩ ወደ ጋራዡ ተመልሶ ጥላውን ሲያሳየው መነጽሩን አወለቀና ጎንበስ ብሎ አየ።

«እኔ የምቆርጠው ብረት ነው። ይሄ ብረት አይደለም» አለ።

«አውቃለሁ። እንድታየው ብዬ ነው።»

«አየሁት።»

ድንበሩ አማተበ፣ ሰሊጡን ጫነና በጅቡቲ መንገድ ወረደ። ከሚሌ ማዶ ካለው ኬላ ሲደርስ ሁመድ የሚባለው ተቆጣጣሪ ሜትሩን ይዞ መጣ። ሁመድ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ የለካውን ሁሉ ሁለት ጊዜ የሚለካ ሰው ነው። ብረቱን ለካ፤ አሥራ ሁለት። ከዚያ መሬቱን ለካ፤ አሥራ አራት። ደግሞ ለካው።

«ጋሼ፣ ጥላዎ ከልኩ ያልፋል።»

«ጥላ በደንቡ ውስጥ አለ እንዴ?»

«ደንቡ የሚለው ጠቅላላ ርዝመት ነው። ጥላው የማን ነው?»

ድንበሩ መዋሸት አልወደደም። «የኔ ነው» አለ።

«እንግዲያው ዳር ይያዙ። ቀትር ላይ ጥላ ሲያጥር እለካዋለሁ።»

ቀትር ሆነ። የሌሎቹ መኪናዎች ጥላ ሁሉ ከሥራቸው ገባ። የድንበሩም ገባ፤ ሁለቱ ሜትር ብቻ ከተሳቢው ጀርባ አሸዋው ላይ እንደ ሸራ ተዘርግቶ ቀረ። ሁመድ ለካውና መዝገቡ ላይ ጻፈ። እስከ ከነገ ወዲያ ብረቱና ጥላው እኩል ካልሆኑ መንጃ ፈቃዱን እንደሚወስድ በትሕትና ነገረው። ድንበሩ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም።

ኬላው እስኪከፈት ሰልፍ የያዙት ሾፌሮች ጥላውን ሊያዩ ተሰበሰቡ። ከሁሉም አንጋፋው ጋሽ አሰጋኸኝ ሙቀቱ ስለከበደው ሊያርፍበት ጋደም አለ፤ ወዲያው ተነሳ።

«ይቅርታ» አለ ወደ መሬቱ። ወደ ሌሎቹ ዞሮም፣ «ሰው አለበት» አላቸው።

ማንም አልሳቀም። ከጥላው ራቅ ብለው ጎማ ሥር ተቀመጡ።

«እኔ መንዳት ስጀምር የሚለካን አልነበረም» አለ ጋሽ አሰጋኸኝ። «ከዚያ አሥር ሜትር ተባለ፤ ቆረጥን። አሥራ አራት ይቻላል ተባለ፤ ቀጠልን። አሁን ደግሞ አሥራ ሁለት። እንደ ሱሪ ስናጥፈውና ስንዘረጋው ኖርን።»

«ያንተ ሱሪ ተዘረጋ እንጂ መቼ ታጠፈ» አለው ፈቱላ የሚባለው ሾፌር፣ ሆዱን እያየ።

«ዝም በል አንተ። አሥር የተባለ ጊዜ የቆረጥኩት ብረት ላይ የልጄን ስም አስጽፌ ነበር። ሚስቴ የዶሮ ቤት አደረገችው። እስከ ዛሬ ዶሮዎቹን በልጄ ስም ነው የምትጠራቸው።» ወደ ድንበሩ ዞረ። «ያንተ ሁለት ሜትር ላይ ምን ነበር፣ ድንበሩ?»

ድንበሩ ነገራቸው። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አባቱ ባሕሩን ሳላይ አልሞትም ብለው አብረውት ወርደው ነበር። እዚሁ ኬላ ሰልፍ ሲይዙ ሽማግሌው ከተሳቢው ጅራት ሥር፣ ጥላው ላይ ጋደም አሉ። ሾፌር ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል፤ ሊነሳ ሲል ደግሞ ወርዶ ተሳቢውን ይዞራል። ያን ቀን ሰልፉ በድንገት ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላ ጡሩንባ በዛ፣ ድንበሩም ሳይዞር ተነሳ። አባቱ ከመቀመጫው ጀርባ ካለው አልጋ ላይ የተኙ መስሎት ነበር። አርባ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ውኃ ይጠጡ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ጥላውን ይዤባቸው ሄድኩ» አለ። «ስመለስ በጎናቸው እንደተኙ ነበሩ። ፀሐዩ ብቻ ነው የቀረላቸው።»

የንስሐ አባቱ የአርባ ቀን ስግደት ሰጥተውት ፈጽሟል። ስለ ጥላው ግን ምንም አላሉትም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኬላው ተከፈተና ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። የድንበሩ ተራ ደረሰ። ከኋላው ጡሩንባ በዛ። ቁልፉን ጨብጦ ነበር፤ ነቀለው። መስኮቶቹን ዘጋ፣ ወረደ፣ ተሳቢውን ዞረ።

ጥላው ውስጥ አሸዋው በሰው ጎን ልክ ጎድጉዷል። ጉድጓዱ ቀስ እያለ ከፍና ዝቅ ይላል። ድንበሩ በራስጌው በኩል መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ሰልፉ ተነስቷል» አለ። «እኔ ግን እዚህ ነኝ። ይተኙ።»

ከዚያ አባታችን ሆይ ደገመ፤ አልቸኮለም፣ ሲጨርስም እንደገና ጀመረ። መኪናዎቹ እየዞሩት አለፉ። ፈቱላ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አየውና ቀስ ብሎ አለፈ። ሁመድ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ጋሼ፣ ተራዎ አለፈ፤ ቀኑም ደረሰ። ፈቃድዎን ልወስድ ነው።»

ድንበሩ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ሁመድ ተቀበለው፤ ጉድጓዱን አየና ጫማውን ከጥላው ጠርዝ ላይ አነሳ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አሸዋው ሞልቶ ሜዳ ሆነ። ሁመድ ማንም ሳይጠራው ሜትሩን ይዞ መጣ። ብረቱን ለካ፣ መሬቱን ለካ፣ ሁለቱንም ደገማቸው። ሁለቱም አሥራ ሁለት ሆኑ። መዝገቡ ላይ ጻፈና መንጃ ፈቃዱን መለሰለት።

ድንበሩ ገና ከተሳቢው ጅራት አልተነቃነቀም ነበር። ጨው የጫኑ ግመሎች የሚነዳ፣ አይቶት የማያውቀው ሰው ከመኪናው ፊት በኩል መጣ። ሰውዬው ሳይቆም፣ እያለፈ እንዲህ አለው፦

«ሽማግሌው ጋቢና ገብተው መስኮቱን ከፍተዋል። አንተን ነው የሚጠብቁት።»