ሬይኖ የደበቀብኝ ቦታ

…እምላለሁ ማንም አያምነኝም፣ በገዛ እግሬ ባልሄድበት ኖሮ እኔም አላምንም ነበር፣ ከከተማው ዳር ፓሎሄይና ሰፈር ካለው ጓሮዬ የተነሣ ሰው ከዛፍ ጥላ ሳይወጣ ሄልሲንኪ መሃል ይደርሳል፣ ጫካው እንደ ሱሪ ኪስ ከተማው ውስጥ ገብቶ ተሰፍቷል፣ አውቶቡስ እያለ ምን በእግር ያስኬድሃል አለችኝ ጎረቤቴ፣ ምን ልበላት፣ አውቶቡስ ውስጥ ንዴት ይበርዳል፣ የኔ ደግሞ ትኩሱን ሬይኖ ቤት መድረስ አለበት። ነገ ጠዋት የወንድሜን የሬይኖን ደረት ይከፍቱታል። ልቡን ሊጠግኑ። ልብ ካገኙበት።

ከከፈቱት አይቀር ቦታውንም ፈልገው ያውጡልኝ፣ የእናታችንን የእንጉዳይ ቦታ፣ ሌላ የት ይደብቀዋል፣ ሰውዬው ነገ ቢቀር አብሮት ይቀበራል፣ እኔ እስክሞት ይህን ጫካ እንደ ጠፋ በግ ስዞር ልኖር ነው፣ ቢጫው እንጉዳይ፣ ኮክ ኮክ የሚሸተው፣ በቅቤ ተጠብሶ ጥቁር ዳቦ ላይ ሲቀመጥ ቄሱን ስብከት የሚያስረሳው፣ እናቴ ሂልያ ቦታውን ከእናቷ ወሰደች፣ እዚህ አገር ሰው ቤቱንም ጀልባውንም በጠበቃ ፊት ያወርሳል፣ የእንጉዳይ ቦታውን ግን ሊሞት ሲል ለሚወደው ሰው ጆሮ ላይ ነው የሚያንሾካሹከው። ለሚወደው። ለሬይኖ።

ያን የመጨረሻ ክረምት ማን አስታመማት፣ እኔ፣ ጫማዋን ማን አሰረላት፣ እኔ፣ እንደ ላባ ቀልላ እንፋሎት መታጠቢያው ሳውና ማን ተሸክሞ አስገባት፣ ሬይኖ እሁድ እሁድ ከሚስቱ ከኢርሜሊ ጋር ኬክ ይዞ ብቅ ይላል፣ ኬኩንም ራሱ ይበላዋል፣ አንድ እሁድ ወተት ልገዛ ወጣሁ፣ ስመለስ እሱ መስኮቱ ጋ ቆሟል፣ ኢርሜሊ ትራስ ታስተካክላለች፣ እናቴ ዓይኗን ጨፍና ተናገርኩ፣ ተገላገልኩ አለች። ከዚያ ብዙም አልቆየች። ወተት። በወተት ተሸጥኩ።

መሬቱ እርጥብ ነው፣ ጥዱ ያንጠባጥባል፣ ይህ ሰሞን ነው ጊዜው፣ ዓይኔ ቢጫ ነገር ካየ ይዘላል፣ ቢጫ ቅጠል፣ ቢጫ የከረሜላ ወረቀት፣ ቢጫ የሕፃን ጓንት፣ ማውኑላ ሰፈር አጠገብ ከቋጥኝ ጀርባ አንዲት አሮጊት ከነቅርጫቷ ብቅ ትላለች፣ ስታየኝ ካፖርቷን አውልቃ ቅርጫቱ ላይ ትጥላለች፣ ቅርጫቱን በረደው መሰል፣ ዘንድሮ አለ ወይ እላታለሁ፣ ምን አለ አንተ፣ ደርቋል፣ እኔ ሐኪም ለጉልበቴ ተራመጂ ብሎኝ ነው ትላለች፣ ካፖርቱ ግን እርጉዝ ሆኗል፣ የት በኩል ነው የማይገኘው ስላት እጇን አንሥታ ጫካውን በሙሉ ታሳየኛለች፣ በዚህም የለም በዚያም የለም፣ ይልቅ ሂድ ልጄ ሳይመሽብህ ከተማ ግባ። ልጄ ትለኛለች፣ እኔን፣ ጥርሴን ብርጭቆ ውስጥ የማሳድረውን። እሺ፣ እሷም ትዋሽ፣ ባዳ ናት፣ ለባዳ መዋሸት ያገሩ ወግ ነው፣ ወንድም ግን።

ስደርስ ምን እላለሁ፣ የተከበርክ ወንድሜ ሆይ፣ በዛሬው ዕለት በፊትህ የቀረብኩት፣ አይ፣ እንዲህ የሚባለው ለከንቲባ ነው፣ አንተ ስስታም፣ አንተ የኬክ ሌባ፣ ይሄኛው ይሻላል፣ በሽተኛ ነው ደግሞ፣ ይሁን፣ በሽታ ስስትን አያጥብም፣ ከራሴ በላይ የአውራ ጎዳና ድልድይ በመኪና ይንጫጫል፣ ሥሩ ጥንቸል ሣር ትግጣለች፣ አንድ ጎረምሳ እየሮጠ ቀኝህን ያዝ አባባ ብሎኝ ያልፋል፣ ቀኜን፣ ዕድሜዬን ሙሉ ይዤው ምን አገኘሁ።

ስንት ዓመት ተከታተልኩት፣ እዚሁ፣ ከዛፍ ጋር ዛፍ መስዬ ስቆም ቁራ ራሴ ላይ ጎጆ ልትሠራ ጭራሮ አምጥታ ነበር፣ ሬይኖ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ቋሊማ በላ፣ ጋዜጣ አነበበ፣ አንቀላፋ፣ ተነሥቶ ቤቱ ገባ፣ ማታ ግን በእናቴ መታሰቢያ እራት ላይ ቅርጫት ሙሉ እንጉዳይ ጠረጴዛው መሃል፣ ከየት ነው ስለው ከጫካ፣ እንዴት ያለ ሌባ ነው በሉ፣ ዓይኔ ሥር፣ ኢርሜሊ ብስክሌቷን አስደግፋ ትገባና የኔን ፊት አይታ ትስቃለች፣ እንድትስቅብኝ ነው የሚጋብዙኝ፣ ከሰፈር እስከ ከተማ እኔን አይቶ የማይስቅ የለም፣ እኔም አስቃቸዋለሁ፣ ሥራዬ ነው።

ሩስኬሱዎ፣ ከተሜው አትክልት የሚተክልባቸው ጎጆዎች፣ አንዱ የፖም ዛፉን ውሃ ያጠጣል፣ ዝናብ እየጣለ፣ ሰላም አይለኝም፣ ቀጥሎ የፈረሶቹ ሜዳ፣ ፈረሶቹ ይሻላሉ፣ ቀና ብለው ያዩኛል፣ ዛፉ መሳሳት ጀመረ፣ ሣሩ ተላጭቷል፣ እዚህ እንጉዳይ አይበቅልም፣ እዚህ የሚበቅለው አግዳሚ ወንበር ነው፣ በቃ፣ አለቀ፣ አላገኘሁትም፣ እንጉዳይማ ገበያው ሞልቷል፣ እኔ የፈለግኩት ጆሮዬ ላይ የእናቴን ትንፋሽ ነበር፣ አንድ ጊዜ፣ አውሊስ ና ጠጋ በል ብትለኝ ምን ነበረበት።

የባሕሩ ወሽመጥ፣ መሃል ከተማ። ዳክዬ፣ ባቡር፣ ሯጭ፣ ወዲያ ማዶ የነሬይኖ ሕንፃ፣ ደረጃው ትንፋሼን ይጨርሰዋል፣ ንዴቴን ለማድረስ የምትሆን ብቻ ትተርፈኛለች፣ በሩ ይከፈታል፣ ኢርሜሊ ጫማህን አውልቅ ጭቃ ነህ ብላ ወደ ማድ ቤቷ፣ እሱ መስኮቱ ጋ ወንበር ላይ፣ ከስቷል፣ ፒጃማው ውስጥ ገና አድጎ የሚሞላው ልጅ ይመስላል፣ የተከበርክ ወንድሜም የኬክ ሌባውም ከአፌ ይጠፉብኛል፣ ንገረኝ እለዋለሁ፣ የእማዬን ቦታ፣ ለማንም አልናገርም፣ አልለቅምም እንኳ፣ ቆሜ ብቻ አየዋለሁ፣ አልችልም አውሊስ ይላል፣ አትችልም ወይስ አትፈልግም፣ አልችልም፣ ነገ ብትቀርስ፣ እኔ ልጇ አልነበርኩም ወይ፣ ጆሮው ይቀላል፣ እንባውን በፒጃማው እጅጌ ይጠርጋል፣ ወንድሜ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፣ ዓይኑ እኔን ዘሎ ወደ ማድ ቤቱ በር ይሄዳል፣ ኢርሜሊ መጥበሻ ይዛ ቆማለች፣ ንገረው እንጂ ትለዋለች፣ አንገቱን ይደፋል፣ ኧረ ንገረው፣ መጥበሻውን ምድጃው ላይ ታንኳኳውና

«ምን ታስጨንቀዋለህ፣ እሱ ቦታውን መች አውቆት፣ እናታችሁ የነገረችው ለእኔ ነው፣ የሁለቱ ልጆቼ አፍ ወንፊት ነው ብላ።»