አርባ አንድ ፊርማ ለዳማ

ተናኘ ወንበር ላይ አርፋ መቀመጥ ካቃታት ሦስት ወር ሆኗታል። የቀበሌ ታይፒስት ካልተቀመጠች ምን ልትሠራ ነው? ሁለት መስመር ትመታለች፣ ትነሳለች፣ መስኮቱ ዘንድ ደርሳ ትመለሳለች። መስኮቱ የሚያሳየው የደብረ ዘይትን መንገድ ነው። ከመንገዱ ማዶ የእትዬ አማከለች ቡና ቤት አለ፤ ከበረንዳው አጠገብ ከአርማታ ብረት የተበየደ ፍርግርግ ቆሟል። በውስጡ ዳማ የምትባል አቦሸማኔ ትመላለሳለች። አምስት እርምጃ ሄዳ ትዞራለች፣ አምስት እርምጃ ሄዳ ትዞራለች። ተናኘ ሳታስበው የምትመታው ደብዳቤ ሁሉ በዳማ እርምጃ ምት መሄድ ጀምሯል።

ዳማን ግልገል ሳለች ከሐረርጌ ያመጣት አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እትዬ አማከለች በጡጦ አሳደጓት። ስታድግ ሹፌሮች እሷን ለማየት ሲሉ እዚያ ማቆም ለመዱ። አንዱ በእንጨት ይጎነትላታል፣ ሌላው አረቄ ውስጥ የተነከረ ዳቦ ይወረውርላታል፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እትዬ አማከለች ክፉ ሴት አይደሉም። በየቀኑ ሳንባና ጨጓራ ያበሏታል፣ “ልጄ” ይሏታል። ግን ልጁን ፍርግርግ ውስጥ የሚያሳድግ ማን ነው?

ተናኘ ከቀበሌው በላይ ላለው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ስለ ዳማ ጻፈች፣ መልስ የለም። ደግማ ጻፈች፣ አሁንም የለም። አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቃ የአራዊት ጉዳይ ይታይበታል ወደተባለ መሥሪያ ቤት ሄደች። መነጽር ያደረጉ አንድ ሹም አዳመጧት። “አደን እንከለክላለን፣ ቆዳ እንቆጣጠራለን። ነፍስ ያለውን አውሬ መንገድ ዳር ስለማኖር ግን መመሪያ የለንም” አሏት።

“እንግዲያው ይውጣ።”

“ሕዝብ ከጠየቀ፣ ይታያል” አሉ ሹሙ። ምናልባት እንድትሄድላቸው ብለው ነው። ተናኘ ግን ይቺን ቃል ጨብጣ ወጣች።

በዚያው ሳምንት ስድስት ነጥብ ጻፈች። አውሬ የሚያኖር ሰው ፈቃድ ያውጣ። መሮጫ የሚሆን ቦታ ይስጠው። አጥንትና ንጹሕ ውሃ ያቅርብለት። የእንስሳት ሐኪም በየሦስት ወሩ ይየው። መንገደኛ አይጎንትለው። ይህን ማሟላት ያልቻለ፣ ለሚችል ያስረክብ። ከዚያ ሰፈሯን ነፋስ ስልክን ቤት ለቤት ዞረች። ስንቱ ሳቀባት፣ ስንቱ በሩን ዘጋባት! ከሁሉ በፊት የፈረሙላት ግን እትዬ አማከለች ናቸው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ፊደል ከቆጠሩ ገና አራት ወራቸው ነበር። ተናኘ የአሻራ ቀለሙን ስታቀርብላቸው “አሻራ አልሰጥም” ብለው እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ምላሳቸውን ነክሰው፣ ፊደል በፊደል፣ ስማቸውን ጻፉ። ከደብተራቸው ውጭ ስማቸውን ሲጽፉ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

“ልጄ ሰፊ ቤት ብታገኝ እኔ ምን ከፋኝ?” አሉ።

አርባ አንድ ሰው ፈረመ። የቀበሌው ሊቀመንበር ወጋየሁ ዝርዝሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

“ጓድ ተናኘ፣ ሕዝቡ ለስኳር ተሰልፎ ይውላል፣ አንቺ ለአቦሸማኔ ቤት ትለምኛለሽ?”

“ስኳሩም ይምጣ፣ ይሄም ወረቀት ይሂድ፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

ወጋየሁ ሳቁን ዋጠና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ሰኔ ገባ። ወተት የሚያመላልሱት የላፍቶው ገበሬ ኦቦ ሞልቱ አንድ ጠዋት ፍርግርጉ አጠገብ ቆመው የዳማን የኋላ እግር ሲያዩ ተናኘ አገኘቻቸው።

“ጥጃም ታስሮ ካደገ አጥንቱ እንዲህ ይጎብጣል” አሉ። “ክረምቱን በእግሯ የምትወጣው አይመስለኝም፣ የኔ ልጅ።”

ተናኘ ቢሮ ገብታ በመስኮቱ የዳማን እርምጃ ቆጠረች። አምስቱ አራት ሆኗል።

አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስትመታ አንድ ነገር ተምራለች። “ይደረግልን” የሚል ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ያረጃል። በግለሰብ እጅ ያለን ነገር የሚጠቁም ደብዳቤ ግን በሳምንቱ መልስ ይዞ ይመጣል፤ ትርፍ ቤት ከተወረሰ ጀምሮ ከፍተኛው ተሽቀዳድሞ የሚያነበው እሱን ነው። ወጋየሁ ለስብሰባ እንደወጣ መሳቢያውን ከፈተች። አዲስ የመጀመሪያ ገጽ መታች፦ “ጉዳዩ፦ በግለሰብ እጅ ስለሚገኝ የሕዝብ ሀብት።” ከሥሩ ስድስቱን ነጥቦችና የአርባ አንዱን ሰው ስም ቃል በቃል አሰፈረች፤ የፊርማውን ዝርዝር በስፒል አያያዘችና ከሌሎቹ ደብዳቤዎች ጋር ወደ ከፍተኛው ላከችው። ርዕሱ በር ማስከፈቻ ብቻ ነው፣ ውስጡን ሲያነቡ ይገባቸዋል ብላ ራሷን አሳመነች።

መልሱ በስድስተኛው ቀን መጣ፤ ጠቅላላው አራት መስመር ነው። አቦሸማኔዋ ተወርሳ በቀበሌው ግቢ ትቀመጥ ይላል። ባለንብረቷ በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ስለፈረሙ በገዛ ፈቃዳቸው እንዳስረከቡ ይቆጠራል፣ አቤቱታም አይሰማም ይላል። ስለ ስድስቱ ነጥብ አንዲት ቃል የለም። ተናኘ አራቱን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበችው፣ ጆሮዋ እስኪግል አፈረች።

ስምንት የአብዮት ጥበቃ አባላት ፍርግርጉን እንዳለ ተሸክመው መንገዱን አሻገሩት። ባዘነበለ ቁጥር ዳማ ተንሸራታ ከብረቱ ጋር ትላተማለች። በግቢው በኩል ካለው ሌላው የተናኘ መስኮት ሥር፣ ፀሐይ ከማያገኘው ግድግዳ ጋር አስጠግተው አስቀመጧት። ወጋየሁ ሰሌዳ አጽፎ አሰቀለ፦ “የሰፊው ሕዝብ ንብረት። መንካት ክልክል ነው።”

“ማን ያበላታል?” አለች ተናኘ።

“የሕዝብ ናት፣ ሕዝብ ያበላታል።”

“ሕዝብ ማለት ማን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር?”

ወጋየሁ ሌላ ስብሰባ ነበረበት።

ሁለት ቀን ተናኘ ከምሳዋ ሥጋ ሥጋውን እየለየች በመስኮቱ ወረወረችላት። በሦስተኛው ቀን እትዬ አማከለች አጥንት የሞላ ጣሳ ይዘው መጡ። የቀበሌው ዘበኛ የሕዝብ ንብረት ለመመገብ ደብዳቤ ያስፈልጋል ብሎ ከበሩ መለሳቸው። በአጥሩ ዞረው በመንገዱ በኩል ወዳለው የተናኘ መስኮት ሄዱና አንኳኩ።

“በላች?”

“ትንሽ በልታለች፣ እትዬ።”

“ያንን የፈረምኩበትን ወረቀት አሳዪኝ።”

ተናኘ ለከፍተኛው ሄዷል ብላ ልታመልጥ ትችል ነበር። አላለችም። የካርቦን ግልባጩን አምጥታ ሰጠቻቸው። እትዬ አማከለች ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡ። የመጀመሪያውን መስመር ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ ተናኘ ከዚያ ጊዜ የከፋ ጊዜ አሳልፋ አታውቅም።

“ይሄ ያኔ ነበረበት?”

“አልነበረበትም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።”

አልተሳደቡም። ወደ ስሞቹ አለፉ። የራሳቸውን አነበቡ፣ ቀጥለው የአርባውን ሰው ስም አንድ በአንድ አነበቡ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

“ያንቺ ስም የታለ?”

ታይፒስት ይመታል እንጂ አይፈርምም ስትል ነበር ለራሷ የከረመችው። እውነቱ ግን ለእንጀራዋ ፈርታ ነው። ሰፈሩን ሁሉ ስታስፈርም የራሷን ስም ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ዞራለች።

ተናኘ ተቀመጠች። ከስንት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትነሳ አንድ ገጽ ጨረሰች። ርዕሱን የቀየረችው እሷ መሆኗን፣ ፈራሚዎቹ እንደማያውቁ፣ ወይዘሮ አማከለችም ምንም በፈቃዳቸው እንዳላስረከቡ ጻፈች። ስድስቱን ነጥቦች ደገመቻቸው፣ ከሥራቸው ሙሉ ስሟን ጽፋ ፈረመች። እስክሪብቶውን በመስኮቱ አቀበለቻቸው።

እትዬ አማከለች ደብዳቤውን ከዳር እስከ ዳር አነበቡትና መለሱላት። እስክሪብቶውን ግን አልነኩትም።

“እኔ ስሜን አንዴ ጽፌልሻለሁ” አሉ። “ይልቅ ጣሳውን ያዢ።”

ተናኘ ደብዳቤውን በአንድ እጇ፣ ጣሳውን በሌላው ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። ዘበኛው “ደብዳቤ አለሽ?” ሲላት የያዘችውን ከፍ አድርጋ አሳየችው። ማንበብ ስለማይችል አሳለፋት። አጥንቱን በፍርግርጉ ሥር ደፋችው። ዳማ መመላለሷን ትታ ተኛችና አንዱን በመዳፏ ያዘች። አጥንቱ ሲሰበር እትዬ አማከለች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሰሙ።

ከዚያ ተናኘ ደብዳቤውንና ባዶውን ጣሳ እንደያዘች የወጋየሁን በር አንኳኳች።