የአብርሃም ሌላው ዓይን

«ሁለተኛው ዓይኔ የታለ?» አለ አለምሰገድ።

ሊዲያ ብሩሿን በጨርቅ መጥረጓን ተወች። ሸራው ላይ አብርሃም ቢላውን እንደያዘ አንገቱን ወደ መልአኩ ጠምዝዟል። ፊቱ የአባቷ ፊት ነው፤ የግንባሩ ጠባሳ እንኳ አልቀረም። ግማሹን ግን ጨለማ ውጦታል።

«የባሮክ ስታይል እንደዚህ ነው አባዬ። የድሮዎቹ የጣሊያን ሠዓሊዎች ብርሃኑን ከአንድ ጎን ነው የሚያመጡት። ዓርብ የሥዕል ሾው ላይ የማቀርበው እሱን ነው።»

«የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ አላየሽም? ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያይሻል። በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው፤ ሰይጣን ነው።»

«ኖ፣ እሱ እኮ...»

«ነርሲንጉን ያቋረጥሽው አባትሽን ይሁዳ ለማድረግ ነው?»

መልሷን ሳይጠብቅ ወጣ። ከግሌንዴል ስቱዲዮዋ እስከ አውሮራ ቤቱ የኡበር አፑን ዘግቶ ነዳ።

ትምህርቱን ከተወች ወዲህ ሁለቱ አብረው ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ሰሞኑን ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያች ክፍል ጋቢ ለብሶ፣ በቢላ ፋንታ የወጥ ማማሰያ ይዞ ለሥዕሉ ይቀመጥላት ነበር። «አባዬ፣ ይስሐቅን ልታርደው ነው ወይስ ልታማስለው?» ብላው አብረው ስቀዋል።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ጌጥነሽ ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ ተመልሳ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራለች። «ይሁዳ አድርጋ ሳለችኝ» ብሎ ነገራት።

«መልአኩ በየት በኩል ነው የቆመው?» አለችው።

«ከኋላው።»

«ታዲያ ወደ ማን ይዙር? ባይዞር ልጁን አርዶት አልነበር?»

ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ።

«አንተ ድሮም ሲጠሩህ መዞር አይሆንልህም» አለችና ፎጣዋን አነሳች።

በማግስቱ ደጋግሞ ደወለ፤ ሊዲያ አላነሳችም። ሲመሽ መንገደኛ አድርሶ ከሌክውድ ሲመለስ ግሌንዴል ጎራ አለና በሯን አንኳኳ። ከፈተችለት። እጇ እስከ ክርኗ ቀለም ነው።

ሸራው ላይ አብርሃም ፊቱን ወደ ፊት መልሷል። ሁለቱም ዓይኖቹ ፈጠዋል፤ ጨለማው የለም። መልአኩ ከኋላው ክንዱን ይዞ ይጎትተዋል፤ እሱ ግን ለፓስፖርት ፎቶ እንደተቀመጠ ሰው ፊት ለፊት ያያል። ማንም የጠራው አይመስልም።

«አሁን ጻድቅ ሆንክ» አለች። አልሳቀችም።

«የበፊቱስ?»

«ፋቅኩት።»

አለምሰገድ ሸራው ፊት ቆመ።

«ዓርብ ይደርሳል?» አላት።

«አላውቅም። ቢደርስም እንደ በፊቱ አይሆንም።»

«አውቃለሁ።»

ጋቢው ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አውርዶ ለበሰው። ማማሰያውን ከጠረጴዛው አነሳና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሊዲያ ለጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ መብራቱን ልታበራ ከኋላው አለፈች።

«አባዬ» አለችው ከዚያው።

ዞረ። እሷ ወደ ሸራዋ ስትመለስም አንገቱን አልመለሰም።