ከልጄ ቤት ማዶ ያገኘሁት ክፍል

ነገሩ የጀመረው በሻወር መጋረጃ ነው። ቶሮንቶ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ገላዬን ስታጠብ መጋረጃው ከገንዳው ውጪ ተንጠልጥሎ ኖሮ፣ ውሃው ወለሉን ሞልቶ ከታች ወዳለው ጎረቤት ጣሪያ ወረደ። የሕንፃው ኃላፊ መጥቶ በሩን ደበደበ። አማቼ ሳህሉ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ሲጠይቀው ቆየና ወደ እኔ ዞሮ፣ "አባባ፣ ሲታጠቡ መጋረጃውን ወደ ውስጥ ያስገቡት እንጂ" አለኝ። ይኸው ነው ያለኝ። ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

እኔ ግን እንደ ስድብ ቆጠርኩት። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፣ እሺ። ግን ቢሾፍቱ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ጎሚስታ ሆኜ የሰው ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ልጄን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ውሃ እሱ ሊመክረኝ! ድሮም ወገኖቹ ንቀውኛል። በሰርጉ ዕለት አጎቶቹን "ኢንጂነር እገሌ፣ ዶክተር እገሌ" እያሉ በማይክራፎን ሲያስተዋውቁ ቆይተው፣ እኔ ጋ ሲደርሱ "የሙሽሪትም አባት አሉ" ብለው አለፉኝ። ስም የለኝም እንዴ? ሰብስቤ ማለት ምን ይከብዳል?

የመጣሁት ልጄ ሩሃማ የመጀመሪያ ልጇን ስለወለደች ነው። እናቷ ብትኖር የምትመጣው እሷ ነበረች። ቪዛዬ የስድስት ወር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አማች ቤት ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ተኝቶ፣ ጠዋት ጠዋት አማች እንዳይቀሰቅሰኝ በእግሩ ጫፍ ሲያልፍ አይንን ጨፍኖ እያዳመጡ መኖር አልዋጥልህ አለኝ። እዚያው ልጄ የምትኖርበት ሰፈር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ የራሴ በር ያለው ክፍል እይዛለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

እግሬን ላፍታታ እያልኩ እየወጣሁ ፈለግኩ። አንዱ አከራይ የሥራ ደብዳቤ ነው ምን፣ ወረቀት ጠየቀኝ፤ እንግሊዝኛው ስላልደረሰኝ ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ። በኋላ ብሉር ጎዳና ላይ ካለ የሐበሻ ሱቅ ግድግዳ ላይ "ቶርንክሊፍ፣ አንድ ክፍል፣ ለሐበሻ" የሚል ተለጥፎ አየሁ።

አከራይዋ ወይዘሮ ጽጌ ይባላሉ። ልጃቸው አግብታ ስለወጣች ብቻቸውን ናቸው። ቤታቸው ከልጄ ሕንፃ ፊት ለፊት ሆኖ አገኘሁት፤ ከክፍሉ መስኮት ሆኜ "ያቺ ባለ ሰማያዊ ወንበሯ በረንዳ የልጄ ናት" ብዬ በጣቴ አሳየኋቸው። ልጄን ማሳየቴ ነበር። እሳቸው ግን ዞር ብለው አዩኝ።

"ታዲያ ልጅዎ እዚህ እያለች ክፍል ምን ያደርግልዎታል?"

ምን ልበል? መጋረጃ አስገባ ተባልኩ ልበል? አፌ ሳላዘው ሄደ።

"አማቼ መከራዬን አሳየኝ" አልኩ። "ቤቱ ጠቦናል፣ ሌላ ፈልግ አለኝ። ማዕድ ሲቀርብም አይጠራኝ።"

"ውይ በሞትኩት! ልጅቱስ ዝም አለች?"

"ምን ታድርግ፣ ትፈራዋለች።"

ይህቺን እንኳ ባልጨምር ምን ነበረበት። ወይዘሮ ጽጌ አይናቸው እንባ ሞላ። ኪራይም አልቀበልም አሉ፤ "ተገፍቶ ከመጣ አባት?" አሉ። የልጄን ስልክ ብቻ፣ ቢያምዎት ብለው ተቀበሉኝ። እኔም፣ ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ሰው እንዲያ ሲያዝንልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ለሩሃማ ሕፃኑ እያለቀሰ እንቅልፍ ነሳኝ አልኳት። አለቀሰች። ሳህሉ፣ "አባባ፣ መኝታ ቤቱን ይውሰዱት፣ እኛ ሳሎን እንሆናለን" አለ። አሻፈረኝ አልኩ። ሻንጣዬን ተሸክሞ መንገዱን አሻገረኝ፤ ከወይዘሮ ጽጌ ጋር እንዳይገናኝ ሊፍቱ ጋ መለስኩት።

ቅዳሜ ወይዘሮ ጽጌ፣ "ኮትዎን ይልበሱ፣ የምንሄድበት አለ" አሉኝ። በር ላይ አንድ ሽማግሌ ከረባት አስረው ቆመዋል። አቶ ዓለማየሁ ናቸው፤ እዚያው ሕንፃ የሚኖሩ፣ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የመጡ፣ ሰፈሩ የተጣላ ባልና ሚስት ሲኖር የሚጠራቸው ሰው። ወደ ልጄ ሕንፃ መንገዱን ስንሻገር ነው የገባኝ።

"ይቅርብኝ፣ እባካችሁ፣ እኔ ትቼዋለሁ" አልኩ ሊፍት ውስጥ።

"አይፍሩ ጋሼ" አሉ አቶ ዓለማየሁ ትከሻዬን ይዘው። "እኛ አለንልዎት።"

ሳህሉ ወንበር ደርድሮ፣ ፍራፍሬ አቅርቦ ጠበቀን። ወይዘሮ ጽጌ አስቀድመው በስልክ "ለደግ ነገር ነው የምንመጣው" ብለውታል። ሩሃማ ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች። አቶ ዓለማየሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ ሳህሉ፣ አባት እንግዳ አይደለም። ማዕድህን ከልክለህ፣ ቤቴን ልቀቅ ብለህ ማስወጣትህ፣ በዚህ በሰው አገር..."

"ማን ነው የከለከለው?" አለች ሩሃማ።

ሳህሉ እጇን ያዘ። እሱ እኔን አየኝ፣ እኔ ምንጣፉን። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የአቶ ዓለማየሁን ከረባት ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ሳህሉ ተነሳ። ያ ቢሮ የሚውል ሰውዬ ጫማዬ ላይ ወደቀ።

"አጥፍቻለሁ አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ብለዋል?" አሉ አቶ ዓለማየሁ።

ሁሉም እኔን ይጠብቃል።

"ይቅር ብያለሁ" አልኩ።

ተመረቀ። አሜን ተባለ። ወይዘሮ ጽጌ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ሩሃማ ጎንበስ ብለው፣ "አይዞሽ ልጄ፣ ከእንግዲህ አትፍሪው" አሏት። ሩሃማ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት እንኳን ለጠላቴ።

እንግዶቹ እንደወጡ ሳህሉ፣ "ሻንጣዎን ላምጣ" አለ።

"ቁጭ በል" አለችው ሩሃማ። "አንተ ደግሞ ያላጠፋኸውን ምን አስወደቀህ?"

"ታዲያ በሰው ፊት አባትሽ ዋሹ ልበል?"

እሷ ወደ እኔ ዞረች። "ሻንጣህን ራስህ አምጣ አባዬ። ስታመጣ እውነቱን ነግረሃቸው ና። ካልነገርካቸው እዚያው እደር።"

"ሩሃማ፣ ተይ" አለ ሳህሉ።

"አልተውም!"

መንገዱን ብቻዬን ተሻገርኩ። ወይዘሮ ጽጌ በር ሲከፍቱ ፊታቸው በርቶ ነበር። በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገርኳቸው፤ ሳልገባ ሁሉንም እዚያው ነገርኳቸው።

"አላስወጣዎትም?"

"አላስወጣኝም።"

"ያ ልጅ እግርዎ ላይ ሲወድቅ እያወቁ ነው ዝም ያሉት?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ገቡና ሻንጣዬን ራሳቸው አውጥተው ኮሪደሩ ላይ አስቀመጡት።

"ልጅቱን አትፍሪው አልኳት እኮ! ምን ትለኛለች?"

"የአቶ ዓለማየሁ በር የቱ ነው?" አልኩ።

"ዘጠነኛ ፎቅ፣ በስተግራ መጨረሻው። እኔ አልሄድም፣ ብቻዎን ይሂዱ።"

ሊፍቱ ሲመጣ ከሱቅ የገዙትን ዕቃ የተሸከሙ ሴቶች ሞልተውበታል። ለሻንጣዬ ጠጋ ጠጋ አሉልኝ። ዘጠኝን ተጫንኩ።